ሻጋታው የሚበላውን አይቶ መሣሪያውን ይሠራል

የተከበራችሁ የጉባኤው አዘጋጆች፣ የተከበራችሁ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ ከፍራፍሬ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ? ልክ ከምሳ በፊት ስለ ሻጋታ እንድናገር መርሐ ግብሩን ያወጡት ባልደረቦቼ የምግብ ፍላጎታችሁን ሊዘጉ አስበው እንደሆነ አላውቅም፤ ያም ሆነ ይህ ስለ ጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሁለት ብርጭቆዎች አንድ ጊዜ እንድትመለከቱልኝ እጠይቃለሁ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ዛሬ ጠዋት ከአንድ ዕቃ የተቀዳ፣ ያልተጣራ የፖም ጭማቂ ነው። በግራ በኩል ባለው ብርጭቆ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቡናማ ፈሳሽ ጨምሬበታለሁ። በቀኝ በኩል ባለው ላይም ያንኑ ፈሳሽ በዚያው ልክ ጨምሬበታለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሜ አፍልቼ አቀዝቅዤዋለሁ። ሁለቱም ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ቆመዋል፤ ለጊዜው ሁለቱም ድፍርስ ናቸው። እንተዋቸውና በመጨረሻ እንመለስባቸዋለን።

ይህን ሙያ፣ ማለትም ሻጋታን በፍራፍሬ ተረፈ ምርት ላይ አብቅሎ ኢንዛይም (ምግብን የሚፈጭ ፕሮቲን) ማውጣትን ያስተማሩኝ መምህሬ አንድ ልማድ ነበራቸው። ማንኛውም ተማሪ አዲስ የምርምር ሐሳብ ይዞ ቢሮአቸው ሲገባ ወረቀቱን ሳያዩ ሦስት ነገር ይጠይቁታል። ምን ይበላል? ምን ይሠራል? ማን ይፈልገዋል? ሻጋታው ምን እንደሚበላ፣ በልቶ ምን እንደሚሠራ፣ የሠራውንም ማን እንደሚፈልገው መመለስ ያልቻለ ተማሪ ወንበር ሳይቀርብለት ይመለሳል። እኔም ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ዛሬ ንግግሬን በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ከፍዬ አቀርባለሁ፤ ሦስቱን እኩል ለማድረግ ግን ቃል አልገባም። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ዕድሜዬን ያጠፋሁት እሱ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላሳውቅ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ምን ይበላል?

ጭማቂ የሚያመርት ፋብሪካ አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? በፊት ለፊቱ በር ፍራፍሬ የጫነ መኪና ይገባል፤ በጓሮው በር ልጣጭ የጫነ መኪና ይወጣል። ብርቱካን ሲጨመቅ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ልጣጭ፣ ገለፈትና ዘር ሆኖ ይቀራል። ከፖም ሩብ ያህሉ ይቀራል። የማንጎ ልጣጭና ፍሬ ተደምረው እንደ ዝርያው ከጠቅላላው ክብደት ከሲሶ በላይ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ ይሆናሉ። ፋብሪካው ከገዛው ፍራፍሬ ትልቅ ድርሻ የገዛው ሊጥለው ነው ማለት ነው፤ ለመጣሉም እንደገና ይከፍላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 ብቻ በቤቶች፣ በምግብ ቤቶችና በችርቻሮ መደብሮች 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነ ገምቷል። ልብ በሉ፤ ይህ አኃዝ አሁን የነገርኳችሁን፣ ከፋብሪካ ጓሮ የሚወጣውን ልጣጭ አይጨምርም።

የልጣጭ ትልቁ ችግሩ ችኮላው ነው። ከክብደቱ ከሦስት አራተኛ በላይ ውኃ ነው፤ ውኃው ውስጥ ደግሞ ስኳር አለ። በሞቃት አየር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መሽተት ይጀምራል፤ ዝንብ ይሰበስባል፤ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ አየር በማይደርስበት ክምር ውስጥ ሲቀበር ደግሞ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ነገር ግን ይህንኑ ልጣጭ አድርቃችሁ ብትመረምሩት ከሌላ የእርሻ ተረፈ ምርት የሚለየው ነገር ታገኛላችሁ፤ ፔክቲን። ፔክቲን የዕፅዋትን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያይዝ ሙጫ ነው፤ ማርማላታን የሚያረጋውም እሱ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ብራኮኖ በ1825 ስሙን ያወጣለት መርጋትን ከሚያመለክት የግሪክኛ ቃል ተነሥቶ ነው። በደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ይኸው ፔክቲን ነው። በተጨማሪም የዕፅዋትን ሕዋስ ግድግዳ የሚሠሩት ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ አሉበት፤ እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ሊግኒን ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጣጭ ለሻጋታ ለስላሳ ምግብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ሻጋታ ይህን እንዴት ይበላዋል? አፍ የለውም፤ ጥርስ የለውም፤ ሆድም የለውም። እኛ ምግቡን ወደ ሆዳችን እናስገባለን፤ ሻጋታ ሆዱን ወደ ምግቡ ያወጣል። ቀጫጭን ክሮቹን በልጣጩ ውስጥ እየዘረጋ ከክሮቹ ጫፍ ኢንዛይም ያመነጫል፤ ኢንዛይሙ የፔክቲኑንና የሴሉሎሱን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይቆራርጣል፤ የተቆራረጠውን ስኳር ሻጋታው መልሶ ይመጠዋል። እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስብበት። ምግቡ የሚፈጨው ከሕዋሱ ውጭ ስለሆነ ኢንዛይሙም የሚገኘው ከሕዋሱ ውጭ ነው። ሕዋሱን መስበር አያስፈልገንም፤ በውኃ አጥበን ልንወስደው እንችላለን። ሻጋታን ለዚህ ሥራ የተመቸ ያደረገው ከሁሉ በፊት ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ምን ይሠራል?

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነውና ጆሮአችሁን ስጡኝ። ሻጋታ መሣሪያውን የሚሠራው የሚበላውን አይቶ ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን መሥራት ደግሞ ጉልበትና ናይትሮጅን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሻጋታው የማይፈልገውን ኢንዛይም አብዝቶ አያመርትም። በመጀመሪያ ለቅምሻ ያህል ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ያወጣል። ይህች ጥቂት ኢንዛይም ፔክቲን ላይ ካረፈች ትንንሽ ቁርጥራጮች ይወጣሉ፤ ቁርጥራጮቹ ወደ ሕዋሱ ሲገቡ ፔክቲን መኖሩን ያሳውቃሉ፤ ያን ጊዜ የፔክቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ዘረ መሎች ይነቃሉ፤ ምርቱም ይበዛል። ሴሉሎስ ከቀረበለት ሴሉሌዝ፣ ስታርች ከቀረበለት አሚሌዝ፣ የፍራፍሬ ልጣጭ ከቀረበለት ፔክቲኔዝ። እኛ የምንመርጠው ምግቡን ነው፤ ሻጋታው ምግቡን አይቶ የሚሆነውን ያወጣለታል።

የዚህ ሕግ ሌላ ገጽታም አለ፤ እኔ የተማርኩት በሐፍረት ነው። በድኅረ ምረቃ ትምህርቴ የመጀመሪያ ዓመት አስፐርጂለስ ናይጀር የተባለውን ጥቁር ሻጋታ በፖም ተረፈ ምርት ላይ እንዳበቅል ታዘዝኩ። እንዲያምርልኝ ስለፈለግሁ ከራሴ ሐሳብ አመንጭቼ ግሉኮስ ጨመርኩበት፤ ብዙ ጨመርኩበት። በሦስተኛው ቀን ሻጋታው እንደ ከሰል የጠቆረ ምንጣፍ መስሎ ነበር። ፍላስኩን ይዤ በኮሪደሩ እየዞርኩ ለባልደረቦቼ ሁሉ አሳየሁ። ከዚያ ፈሳሹን አውጥቼ ለካሁት፤ ፔክቲን የጨመርኩበት የሙከራ ቱቦና ፔክቲን ያልጨመርኩበት ቱቦ አንድ ዓይነት ቀለም ሆኑ። ኢንዛይም የለም ማለት ነው። መምህሬ ጋ ሄጄ ሻጋታው የታመመ ይመስለኛል አልኳቸው። ፍላስኩን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩና፦

«ምን አበላኸው?» አሉኝ።

«ልጣጭና ግሉኮስ» አልኩ።

«የጠገበ ሰው ለምን ድንጋይ ይፈልጣል?» አሉና ፍላስኩን መለሱልኝ።

በሳይንሱ ቋንቋ ይህ በቀላል ስኳር የሚመጣ የዘረ መል ጭቆና ይባላል፤ በአስፐርጂለስ ዝርያዎች ውስጥ ክሬኤ የተባለ ፕሮቲን ግሉኮስ ሲበዛ የሌሎቹን ኢንዛይሞች ዘረ መሎች ይዘጋቸዋል። ነገሩን ግን ከመምህሬ አባባል የተሻለ አድርጌ ላስረዳችሁ አልችልም። ለሥራው የሚሰጠን መመሪያም ግልጽ ነው። ትኩስ ልጣጭ ስኳር ከበዛበት አስቀድሞ በውኃ ማጠብ ይቻላል፤ የታጠበበት ስኳራም ውኃ ለእርሾ ወይም ለሌላ የማብላላት ሥራ ይውላል። ወይም ደግሞ ሻጋታው ስኳሩን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው፤ የኢንዛይሙ መጠን ከፍ የሚለው ስኳሩ ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ አንዳንዶቻችሁ ይህ ሁሉ አዲስ ነገር ይመስላችሁ ይሆናልና። ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ በ1894 በአሜሪካ ከአስፐርጂለስ ኦራይዜ ለሚሠራ ኢንዛይም የፈጠራ መብት ሲያገኝ ሻጋታውን ያበቀለው በምን ላይ ነበር? ወፍጮ ቤት በሚተርፈው የስንዴ ፉርሽካ ላይ ነው። ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድስ? ካርል ሺለ በ1784 ከሎሚ ጭማቂ ለይቶ ካወጣው በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ዓለም ሲትሪክ አሲድን የሚያገኘው ከሎሚ፣ በተለይም ከጣሊያን ሎሚ ነበር። ጄምስ ከሪ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1917 ይኸው የእኔ ጥቁር ሻጋታ በአሲዳማ የስኳር ውኃ ውስጥ ሲትሪክ አሲድን በብዛት እንደሚያመርት አሳተመ፤ በሁለት ዓመት ገደማ ሥራው ወደ ፋብሪካ ገባ። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚመረተው ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲትሪክ አሲድ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ሻጋታ ነው፤ ሎሚው በሻጋታ ተተክቷል።

ፔኒሲሊንንም አስታውሱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1943፣ በአሜሪካ ፒዮሪያ ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ብዙ መድኃኒት የሚሰጥ ዝርያ ሲፈልጉ ያገኙት ሻጋታ በመታው፣ ካንታሉፕ በተባለ የሐብሐብ ዓይነት ላይ ነው። ምርቱን ከፍ ያደረገላቸው ምግብ ደግሞ ከበቆሎ ስታርች ፋብሪካ የሚተርፍ ፈሳሽ ነበር። የተበላሸ ፍራፍሬና የፋብሪካ ተረፈ ምርት፤ ሁለቱም ሰዎች ይጥሏቸው የነበሩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኛ የምንሠራው ሥራ አዲስ ነው ብዬ አልመካም፤ በዚህ ኢንዱስትሪ ውስጥ ሻጋታና ተረፈ ምርት ከጥንስሱ አብረው ነበሩ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ጠጣር ማብላላት የምንለውን ዘዴ ነው የምነግራችሁ፤ ሻጋታው የሚበቅለው በፈሳሽ ታንክ ውስጥ ሳይሆን በረጠበ ልጣጭ ላይ ነው። ልጣጩ ሳይበላሽ በፍጥነት ይደርቃል፤ ከዚያ ይፈጫል። እንዳይደቅቅ ግን ተጠንቀቁ፤ ዱቄት ከሆነ ውኃ ሲነካው ይቦካና አየር አያሳልፍም፤ የሰሊጥ ወይም የሩዝ ቅንጣት ያህል ቢሆን ይበቃል። የፍራፍሬ ልጣጭ ናይትሮጅን ስለሚያንሰው ጥቂት የአሞኒየም ጨው ወይም ፉርሽካ ይጨመርበታል። ከዚያ ይረጥባል። ምን ያህል? መጽሐፉ ከመቶ 60 እስከ 70 የሚደርስ እርጥበት ይላል፤ እጃችሁ ደግሞ እንዲህ ይላችኋል፦ አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ጣታችሁ መካከል ውኃ ካንጠባጠበ በዝቷል፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ አንሷል። በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ በግፊት እንፋሎት ይጸዳል፤ ሲቀዘቅዝ የሻጋታው ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚራባበት ብናኝ፣ ይዘራበታል፤ ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። በመጨረሻ በውኃ ይታጠባል፤ ፈሳሹ ከልጣጩ ይለያል፤ ይቀዘቅዛል። ያ ቡናማ ፈሳሽ ያልተጣራ ኢንዛይም ነው።

በወረቀት ላይ ስድስት መስመር ነው። በተግባር ግን የት የት ይበላሻል?

አንደኛ፣ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ራሱን የሚከላከልበት ዘይት አለው። ሽታው ደስ የሚለን ያ ሊሞኒን የተባለ ዘይት እርሾንም ሻጋታንም ያቀጭጫል። አንድ ጊዜ ትኩስ የብርቱካን ልጣጭ በጆንያ አግኝተን በደስታ እንዳለ ፈጭተን ተጠቀምንበት፤ ቤተ ሙከራችን ለአንድ ሳምንት እንደ ሽቶ መደብር ሸተተ፤ ሻጋታው ግን ከዘራንበት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ዘይቱን በእንፋሎት አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የወጣው ዘይት ደግሞ ለጽዳት ዕቃና ለሽቶ የሚፈለግ ነውና ከኢንዛይሙ በፊት ሌላ ምርት ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው፤ ይህን ጉዳይ ቶሎ ማለፍ አልፈልግም፤ በዚህ መስክ የብዙ ሰዎች ተስፋ የተቀበረው እዚህ ነውና። በፍላስክ ውስጥ 10 ግራም ልጣጭ ላይ ጥሩ ውጤት አገኘን። በጣም ጥሩ! እንግዲያው በትልቁ እንሥራ ተባባልን። ሰፊ ጥልቅ ትሪዎች አሠራን፤ ልጣጩን ከአንድ ስንዝር ባልተናነሰ ውፍረት ሞላን፤ ስፖሩን ዘራን፤ ክፍሉን በ30 ዲግሪ ዘግተን ሄድን። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በሩን ስከፍት የአሞኒያ ሽታ ተቀበለኝ። የክፍሉ ቴርሞሜትር 30 ይላል። ቴርሞሜትር ወደ ክምሩ መሐል ስከተው ግን ከ50 አለፈ። ከላይ ነጭ ሻጋታ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎች የሚፈነጩበት ጭቃ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሻጋታው ሲያድግ እንደማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ሙቀት ያወጣል። በፈሳሽ ታንክ ውስጥ ሙቀቱን ውኃው ተቀብሎ ወደ ታንኩ ግድግዳ ያደርሰዋል። በልጣጭ ክምር ውስጥ ግን በቅንጣቶቹ መካከል ያለው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። ዋናው የማቀዝቀዣ መንገድ ትነት ነው፤ ትነት ግን ውኃውን ይዞ ስለሚሄድ ልጣጩ ይደርቃል። ብታቀዘቅዙት ይደርቃል፤ ብታረጥቡት አየር ያጣል፤ ብታገላብጡት ክሮቹ ይበጣጠሳሉ። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ውፍረቱን ከአራት ወይም ከአምስት ሴንቲሜትር አለማሳለፍ፣ በእርጥበት የጠገበ አየር ማንፈስ፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ በቀስታ ማገላበጥ። ነገር ግን ይህን ማወቅና ይህን በቶን በሚቆጠር ልጣጭ ላይ መፈጸም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትላልቆቹ የኢንዛይም አምራቾች በአብዛኛው የፈሳሽ ታንክን የመረጡት ጠጣር ማብላላትን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ በታንክ ውስጥ ሙቀትንና አሲድነትን መቆጣጠር ስለሚቀል ነው። አንድ ሰው መጥቶ የፍላስኩን ውጤት በሺህ አባዝቶ ትርፍ ሲያሰላላችሁ የትሪው ውፍረት ስንት እንደሆነ ጠይቁት።

ሦስተኛው መዘግየት ነው። ሻጋታው ሲጠቁር ያምራል፤ ጥቁረቱ ግን ስፖር ነው፤ ሻጋታው ለመበተን እየተዘጋጀ ነው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችም ስለሚበዙ እኛ የምንፈልገውን ኢንዛይም መብላት ይጀምራሉ። መምህሬ ሻጋታ እንደ ጎመን ነው፤ ካበበ በኋላ አይቀጠፍም ይሉ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ማን ይፈልገዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ጭማቂ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ጋ ሄጄ ስለ ሥራችን በኩራት ገለጥኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «መልካም፤ ከአንድ ቶን ልጣጭ ስንት ሊትር ትሰጡኛላችሁ?» አሉኝ። ሊትር የኢንዛይም መለኪያ እንዳልሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንድ ሊትር ውኃ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሊትር ወርቅም ሊሆን ይችላል። ኢንዛይም የሚለካው በሚሠራው ሥራ ነው፤ አንድ ዩኒት ማለት በተወሰነ ሙቀትና አሲድነት በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ማይክሮሞል (በኬሚስትሪ የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) የሚያህል ነገር የሚለውጥ መጠን ነው። ሙቀቱና አሲድነቱ ካልተነገረ ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ ተማሪዎች ሆይ፣ የሁለት ሰዎችን ውጤት በቁጥሩ ብቻ አታወዳድሩ። ነገር ግን ቤቴ ስገባ የሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ከእኔ ማብራሪያ የተሻለ እንደነበር ተረዳሁ። እሳቸው የጠየቁኝ ይህ ነገር ለእኔ ምን ይሠራልኛል ብለው ነው።

እስቲ አስቡት። ያ ፋብሪካ በአንድ በኩል ልጣጭ ለማስወገድ ይከፍላል፤ በሌላ በኩል ጭማቂውን ለማጥራት ፔክቲኔዝ ይገዛል። ጭማቂን የሚያደፈርሰው በውስጡ የተንሳፈፈው ፔክቲን ነው፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፋብሪካዎች ይህን የሚያጠፉት በሻጋታ ኢንዛይም ነው። የተፈጨው ፍሬ ከመጨመቁ በፊት ኢንዛይም ሲገባበትም ብዙ ጭማቂ ይወጣል። እንግዲህ የሚጣለው ልጣጭና የሚገዛው ኢንዛይም በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ በጣም የተጣራ ኢንዛይም አሽገን ከትላልቅ አምራቾች ጋር ገበያ ላይ እንወዳደር ከማለት ይልቅ ያልተጣራውን ኢንዛይም ልጣጩ ከወጣበት ቦታ ሳይርቅ፣ ብዙ ማጣራት ለማይጠይቅ ሥራ ማዋል ይሻላል። የጥጥ ክርን ሰም መሰል ሽፋንና ፔክቲን በጠንካራ አልካሊ ከመቀቀል ይልቅ በፔክቲኔዝ ማጽዳት ይቻላል፤ ከቡና ፍሬ ላይ የሚያጣብቀውን ሽፋን ማላቀቅ ይቻላል፤ ሌላ ተረፈ ምርት ለባዮጋዝ ከመግባቱ በፊት ማለስለስ ይቻላል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ዓላማ ዝቅ ማድረግ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን በዓመት ሁለት ሊትር እጅግ ንጹሕ ኢንዛይም ከማሳይ በየቀኑ አንድ በርሜል የሚሠራ ድፍርስ ኢንዛይም ባሳይ እመርጣለሁ።

ኢንዛይሙ ከታጠበ በኋላ የሚቀረውስ? እሱም ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠየቃል። የሻጋታው አካል ራሱ ፕሮቲን ስላለው የቀረው ልጣጭ ከመጀመሪያው ይልቅ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ለደኅንነት ከተመረመረ ለእንስሳት መኖ ይሆናል፤ ካልሆነም ብስባሽ ይሆናል። የእንጉዳይ አብቃዮች ልጣጭን ከገለባ ጋር ቀላቅለው ኦይስተር የተባለውን እንጉዳይ ያበቅሉበታል። የደረቀና የተፈጨ ተረፈ ምርትን በፈንገስ ክር አያይዞ፣ በቅርጽ አሳድጎ፣ በመጨረሻ በሙቀት ገድሎ ለዕቃ ማሸጊያ የሚያውሉም አሉ። እነዚህን እዘረዝራለሁ እንጂ ባለሙያቸው አይደለሁምና አልዘገይባቸውም።

ከመጨረሴ በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ይህን ካልተናገርኩ ባልመጣ ይሻለኝ ነበር። ማንም ሰው ቤቱ የሻገተ ፍራፍሬ ላይ ያገኘውን ሻጋታ አንሥቶ ይህን ሥራ እንዳይጀምር! በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ዶሮዎች በማይታወቅ በሽታ አለቁ፤ መንሥኤው በመኖአቸው ውስጥ በነበረ ኦቾሎኒ ላይ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ ያመረተው መርዝ እንደሆነ ተገኘ፤ ያ መርዝ ዛሬ አፍላቶክሲን የምንለው ነው። እንግዲህ የስሙን መጀመሪያ ልብ በሉ፤ የእኔ ሻጋታ የቅርብ ዘመድ ነው። በበሰበሰ ፖም ላይ የሚበቅለው ፔኒሲሊየም ኤክስፓንሰም ፓቱሊን የተባለ መርዝ ያመርታል፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለፖም ጭማቂ የፈቀደው በኪሎ ግራም ከ50 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ነው። ጥቁሩ ሻጋታዬም ቢሆን ከዝርያዎቹ መካከል ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ የሚያመርቱ አሉ። ስለዚህ ዝርያው ከታወቀ የረቂቅ ሕዋሳት ማከማቻ፣ በምግብ ሥራ ላይ የቆየ የደኅንነት ታሪኩ ከተመዘገበለት ይወሰድ። ልጣጩም ሳይበሰብስ ይሰብሰብ፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪትም የሚበዛው በፍሬው ሥጋ ላይ ሳይሆን በልጣጩ ላይ ነውና ይመርመር። ትሪውን የሚከፍት ሠራተኛ ያለ አፍንጫና አፍ መሸፈኛ አይክፈት፤ የምትተነፍሱት ስፖር በዓይን አይታይም፤ ሳንባ ግን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ብርጭቆዎቹ እንመለስ። እባክህ ወንድሜ፣ መብራቱን ከኋላቸው አዙርልኝ። አመሰግናለሁ። የቀኙን እዩት፤ የፈላው ፈሳሽ የገባበት ነው፤ እንደ ጠዋቱ ድፍርስ ነው፤ ኢንዛይሙ ፕሮቲን ስለሆነ ሲፈላ ሞቷል። የግራውን እዩት። ከሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ተቀምጧል፤ ከላይ ያለው ጠርቷል፤ ከኋላው ያስቀመጥኩትን የመርሐ ግብር ወረቀት ፊደሉን እየለያችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ያንን ያደረገው ባለፈው ሳምንት ከዚያው የፖም ዓይነት ተረፈ ምርት ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። በዕረፍት ሰዓት ቀርባችሁ ተመልከቱት፤ አሽትቱትም። ነገር ግን ያልተጣራ የቤተ ሙከራ ኢንዛይም ስለሆነና ለምግብነት ስላልተመረመረ፣ የግራውንም የቀኙንም ማንም እንዳይጠጣ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።